ማስመሪያው ላይ የሚቆጠረው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦

«በአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቼ ‹ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ› የሚለውን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ አይስቱትም። ዴስካችሁን ለኩ ስላቸው ግን ለአንድ ዓይነት ዴስክ አንዱ 61፣ አንዱ 60፣ ሌላዋ 59 ሴንቲ ሜትር ትለኛለች። የክፍሉን ዙሪያ ስጠይቃቸው ስፋቱን ያሰሉልኛል። በተግባር ላስተምራቸው ብዬ ገመድና ሜትር ይዤ የገባሁ ቀን ደግሞ ክፍሉ ተተራመሰ። ደወል ሲደወል ምን እንደተማሩ እኔም እነሱም አላወቅንም። ባልደረቦቼ ‹በጨዋታ ጊዜ አታባክኚ፣ ፎርሙላውን አስይዢያቸው› ይሉኛል። ተማሪዎቼ ከ50 በላይ ናቸው፤ ይህ ነው የሚባል መርጃ መሣሪያም የለኝም። ምን ምን ላሠራቸው? ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሳቡኝ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። 61 ያለው ልጅ ማስመሪያውን ያስጀመረው ከ1 ላይ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥር የሚጀምረው ከአንድ ነው ብሎ ተምሯልና አይፈረድበትም። 59 ያለችው ደግሞ የማስመሪያውን ጫፍ ከዴስኩ ጫፍ ጋር አስተካክላ ይሆናል። በብዙ ማስመሪያዎች ላይ ግን 0 ያለው ጫፉ ላይ አይደለም፤ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አንስቶ ሲደገም ያቺ ትንሽ ክፍተት በመገጣጠሚያው ላይ እንደገና ትጠፋለች። ሁለቱም ልጆች ተጠንቅቀው ነው የለኩት። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ማስመሪያ ላይ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ አላዩም።

ስለዚህ ከምመክርዎት ሥራ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ እሰጥዎታለሁ። በእያንዳንዱ የልኬት ትምህርት ላይ «አሁን የምንቆጥረው ምኑን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ርዝመት ሲለካ የሚቆጠረው በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ቦታ ነው፤ መስመሮቹ አይደሉም። ስፋት ሲለካ የሚቆጠሩት ካሬዎች ናቸው። ዘዌ (አንግል) ሲለካ የሚቆጠረው የመዞሩ መጠን ነው። ዙሪያና ስፋትን የሚያምታታ ልጅ ብዙውን ጊዜ ፎርሙላ ጠፍቶት አይደለም። የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ስላላየ፣ ሁለት ቁጥር ባየ ቁጥር ማባዛት ነው የሚቀናው።

እስቲ ከማስመሪያው እንጀምር። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ማስመሪያ ይሣሉ፤ መጀመሪያው ተሰብሮ የጠፋ፣ ከ2 የሚጀምር ይሁን። ከላዩ ላይ ጫፉ 3 ላይ፣ መጨረሻው 8 ላይ የሆነ እርሳስ ይሣሉ። ከዚያ «ይህ እርሳስ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል። 8 የሚል ይኖራል፤ እሱ መጨረሻውን ብቻ ነው ያነበበው። 6 የሚል ይኖራል፤ እሱ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ብሎ መስመሮቹን ቆጥሯል። 5 የሚል ይኖራል። ሦስቱንም ሰሌዳው ላይ ይጻፉና ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አይናገሩ። እያንዳንዱ ወገን እንዴት እንደቆጠረ ወጥቶ ያሳይ። 6 ያለው ልጅ ጣቱን መስመር መስመሩ ላይ ሲያደርግ፣ 5 ያለችው ደግሞ ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር ስታንሸራትት ክፍሉ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ጠመኔ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ማስመሪያውን ራሳቸው ይሥሩት። ከወረቀት ላይ ርዝመታቸው እኩል 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ቁራጮች ይቁረጡ፤ ግማሾቹን ቀለም ይቀቡ። ቀለም ያለውንና የሌለውን እያፈራረቁ በረጅም ወረቀት ላይ ሳይደራረቡና ሳይራራቁ ያጣብቋቸው። መጀመሪያ ቁጥር አይጻፍበት። ደብተር፣ እርሳስ፣ መጽሐፍ ይለኩበት፤ ልኬቱ ቁራጮቹን መቁጠር ነው። አንድ ረጅም ነገር ሲሰጧቸው ግን መቁጠሩ ያሰለቻቸዋል። ያን ጊዜ «ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ከመቁጠር ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይበሏቸው። ቁጥር እንጻፍበት የሚል ልጅ አይጠፋም።

ታዲያ ቁጥሩ የት ይጻፍ? አብዛኞቹ ልጆች 1ን የመጀመሪያው ቁራጭ መሐል ላይ ይጽፉታል። አያስተካክሏቸው። አንድ ሙሉ ቁራጭ የጨረሰ ነገር ለክተው ቁጥሩን ሲፈልጉት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኙታል። ቁጥሩ ምን ያህል እንዳለፍን የሚናገር ከሆነ መቀመጥ ያለበት ቁራጩ በሚያልቅበት መስመር ላይ ነው። ይህን ሲቀበሉ 0 ራሱ ቦታውን ያገኛል፤ ገና ምንም ያላለፍንበት ቦታ ነዋ። «ከዜሮ ጀምሩ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ከመጮህ ይህ አንድ ሰዓት እንደሚሻል በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ እግር ልኬት ይሂዱ። ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተረከዝን ከአውራ ጣት እየገጣጠሙ መለካት ነው። ሁለት ልጆች ይምረጡ፤ አንዱ ትልቅ እግር ያለው፣ ሌላዋ ትንሽ። ከመጀመራቸው በፊት ክፍሉን «የማን ቁጥር ይበልጣል?» ብለው ይጠይቁና ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ብዙዎች ትልቅ እግር ትልቅ ቁጥር ያመጣል ይላሉ። ውጤቱ ሲገለበጥ የሚሰማውን ድምፅ ይወዱታል! መለኪያው ባነሰ ቁጥር ብዛቱ ይጨምራል። ከሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር ሲለውጡ ማባዛት ወይስ ማካፈል እያሉ የሚደናበሩት ይህን በእግራቸው ስላልሄዱበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይንገሯቸው። ናሳ ወደ ማርስ የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኩራኩር በ1999 እ.ኤ.አ. ፕላኔቷ ዘንድ ስትደርስ ጠፋች። ምክንያቱ ሲመረመር የአንደኛው ቡድን ኮምፒውተር የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሲያወጣ፣ የሌላኛው ቡድን ደግሞ በኒውተን ነው ብሎ ሲቀበል መቆየቱ ታወቀ። ቁጥሩ በትክክል ተልኳል፤ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም። «12» ብሎ መልስ የሚሰጥ ልጅን «12 ምን?» ብለው ሲጠይቁት ይህን ያስታውሱታል።

ሜትርም ከሰማይ እንዳልወረደ ይስሙ። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት 10 ሚሊዮን ቦታ ከፍለው አንዱን ሜትር አሉት። በ1875 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 17 አገሮች በጋራ መለኪያ ተስማምተው ፈረሙ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሜትር የሚባለው ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፋይ የሚጓዘው ርቀት ነው። ልጆቹ ቁጥሩን መሸምደድ የለባቸውም። መለኪያ ሰዎች ተስማምተው የሚያበጁት ነገር መሆኑን ካወቁ ይበቃል። እነሱም በዚያ የወረቀት ማስመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን «ጨዋታ ሆኖ እንዳይቀር» ወዳሉት ልምጣ። የእጅ ሥራን ትምህርት የሚያደርገው ከሥራው በፊት የሚጻፍ ግምት ነው። ያልገመተ ልጅ ውጤቱ አያስደንቀውም፤ ያልተደነቀ ደግሞ የሚጠይቀው የለውም። ግምቱ በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ አይሰረዝ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በጣም ለተጠጋ ግምት ሽልማት ወይም ነጥብ አይስጡ። የሰጡ ዕለት ልጆቹ መጀመሪያ ለክተው ኋላ ይገምታሉ። ለግምት የሚሰጠው ክብር «ለምን እንዲህ ገመትክ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «የዴስኩ ርዝመት አራት ስንዝሬ ስለሚሆን» የሚል ልጅ፣ ቁጥሩን ቢስትም እንኳ፣ በትክክል እያሰበ ነው።

ወደ ስፋትና ዙሪያ እንለፍ። ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ቢሰጡት የምመክረው እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩ የሚበዛውም እዚህ ስለሆነ።

ለእያንዳንዱ ጥንድ ተማሪ ዙሪያው 24 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ጫፍና ጫፉ የታሰረ ክር ይስጡ። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንድ ካሬ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አስምረው፣ ክሩን በአራት ጣት ወጥረው ሬክታንግል ይሥሩበት። ጥያቄው ከክሩ በፊት ይምጣ፤ «ክሩ አንድ ነው፣ አያጥርም አይረዝምም። በውስጡ የሚይዛቸው ካሬዎች ብዛትስ ይለወጣል?» አይለወጥም የሚሉት ያመዝናሉ፤ ብዙ አዋቂም እንዲሁ ያስባል። ከዚያ ይሞክሩት። ወርዱ 1፣ ርዝመቱ 11 ሲሆን የሚይዘው 11 ካሬ ነው። 2 በ10 ሲሆን 20፣ 3 በ9 ሲሆን 27፣ 4 በ8 ሲሆን 32፣ 5 በ7 ሲሆን 35 ይሆናል። 6 በ6 ሲሆን 36 ይደርሳል። ዙሪያው ንቅንቅ ሳይል ስፋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ውጤቱን በሰንጠረዥ ሲደረድሩት አንዳንድ ልጅ ጭማሪው እያነሰ መሄዱንም ያያል፤ 9፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1። ይህን ያየ ልጅ ካለ እባክዎ ቆም ብለው ለክፍሉ እንዲናገር ይፍቀዱለት።

በማግስቱ ገልብጠው ይስጧቸው። አሁን 12 እኩል የወረቀት ካሬዎች አሏቸው፤ ሁሉንም ተጠቅመው ሬክታንግል ይሥሩ። ስፋቱ ሁልጊዜ 12 ነው። ዙሪያው ግን 1 በ12 ሲደረደሩ 26፣ 2 በ6 ሲሆን 16፣ 3 በ4 ሲሆን 14 ነው። ዙሪያውን በጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን እየሄዱ ይቁጠሩ። ጥግ ላይ ያለ አንድ ካሬ ሁለት ጠርዝ እንደሚሰጥ፣ መሐል ያለ ደግሞ ምንም ላይሰጥ እንደሚችል ያኔ ይገባቸዋል። ማባዛቱም ከዚሁ ይወጣል። 4 ካሬ ያለው ረድፍ ሦስት ጊዜ ከተደረደረ 12 መሆኑን ለማወቅ አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። በቃላቸው የያዙት ፎርሙላ ይህ ነው። ልጆቹ ፎርሙላውን ያውቁታል፤ የረድፍ አቆጣጠር መሆኑን ግን አያውቁም።

ሬክታንግል ብቻ እንዳይመስላቸው ደግሞ እጃቸውን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ይዙሩት። አንዴ ጣቶቻቸውን ገጥመው፣ አንዴ በታትነው። ስፋቱ በሁለቱም ጊዜ ይቀራረባል። እጅ ያው እጅ ነው። ዙሪያው ግን ጣቶቹ ሲበተኑ በብዙ ይረዝማል፤ ክር አስይዘው ያስለኳቸው። ፎርሙላ የሌለው ቅርጽም ስፋት እንዳለው፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ የተሸፈነውን ካሬ እንዴት እንደምንቆጥር መስማማት እንዳለብን እዚህ ይከራከሩበታል። የሁለት ልጆች መልስ መለያየቱ ምንም አይደለም። በትንንሽ ካሬዎች ብንቆጥር መልሱ ይበልጥ ይቀራረብ ነበር ወይ ብለው ይጠይቋቸው።

ከአሮጌ ጋዜጣ አንድ ካሬ ሜትር መሥራትም አይዝለሉ። በፕላስተር አገጣጥመው ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይሥሩና ወለሉ ላይ ያንጥፉት። ስንት ልጅ ይቆምበታል? ይገምቱ፣ ይቁሙ። ቀጥለው «በዚህ ውስጥ ስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር አለ?» ይበሏቸው። 100 የሚለው መልስ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ክርክር ሳይገቡ በአንደኛው ጠርዝ ላይ አንድ ረድፍ እንዲያሰምሩ ያድርጉ። ያቺ ቀጭን ረድፍ ብቻዋን 100 ትይዛለች፤ ከላይዋ ገና 99 ረድፎች ይቀራሉ። 10,000 የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ መልክ ያገኛል። ጋዜጣውን አጥፈው ያስቀምጡት፤ የክፍሉን ወለል ስፋት ሲገምቱ ይጠቅምዎታል።

ስለ ቅርጾች ደግሞ ትንሽ ልበል። በ1957 እ.ኤ.አ. ፒየር ቫን ሂሌ እና ዲና ቫን ሂሌ የተባሉ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት መምህራን ልጆች ጂኦሜትሪን በደረጃ እንደሚረዱ ጽፈው ነበር። ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን የሚያውቀው በአጠቃላይ መልኩ ነው፤ ጎኖቹንና ዘዌዎቹን እያየ የሚለየው ኋላ ነው። ይህን በራስዎ ክፍል መፈተሽ ይችላሉ። ከካርቶን የተቆረጠ ካሬ ይያዙና ልጆቹ እያዩ ቀስ ብለው አዙረው በጥጉ ያቁሙት። «አሁንም ካሬ ነው?» ይበሏቸው። አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። መጽሐፋቸው ላይ ያለው ካሬ ሁልጊዜ በጎኑ የተቀመጠ፣ ጎነ ሦስቱም ሁልጊዜ ጫፉን ወደ ላይ ያደረገ ስለሆነ ልጆቹ አቀማመጡን የቅርጹ ጠባይ አድርገው ይይዙታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጎነ ሦስት የሚመስሉና የሆኑ ቅርጾችን ቀላቅለው ይስጧቸው፤ ቀጭንና ረጅም የሆነ፣ የተገለበጠ፣ አንድ ጎኑ የጎበጠ፣ አንድ ጥጉ ያልተገጠመ። ይለዩአቸው፤ ለምን እንደለዩም ይናገሩ። ሌላ ቀን ደግሞ ስትሮ ወይም ቀጫጭን እንጨት ቆርጠው ጎነ ሦስት ይሥሩ። 3፣ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር ይገጥማል። 3፣ 4 እና 8 ግን አይገጥምም፤ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ቢዘረጉም አይገናኙም። የትኞቹ እንደሚገጥሙ አስቀድመው እንዲናገሩ ሲጠይቋቸው ሕጉን ራሳቸው ያወጡታል።

ከእነዚሁ እንጨቶች አራቱን ጥጋቸው ላይ በክር አስረው ሬክታንግል ይሥሩና ገፋ ያድርጉት። ይጋደማል። ጎኖቹ አልተለወጡም፣ ዙሪያው ያው ነው። ስፋቱስ? ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ ቢገፉት ውስጡ ባዶ ይሆናል። በክሩ ያዩትን እዚህ በሌላ መልክ ያገኙታል። አሁን ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ሰያፍ እንጨት ይሰሩበት፤ ከዚያ በኋላ ቢገፉትም አይነቃነቅም። ሁለት ጎነ ሦስቶች ሆነዋልና። ድልድይ፣ የጣሪያ እንጨትና የአንቴና ምሰሶ ላይ ጎነ ሦስት የሚበዛው ለዚህ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚያዩትን እንዲቆጥሩ ይንገሯቸው።

ዘዌ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይያዙ። ልጆች ክንዱ የረዘመው ዘዌ የሚበልጥ ይመስላቸዋል። ሁለት የካርቶን ቅዳጅ ጫፋቸው ላይ በስፒል አጋጥመው ይክፈቱና ይዝጉ፤ ከዚያ የአንዱን ቅዳጅ ግማሽ በመቀስ ይቁረጡት። መክፈቻው ተለወጠ? ፕሮትራክተር (የዘዌ መለኪያው) ከዚህ በኋላ ይምጣ። ለ90 ዲግሪ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት እንኳ አንዴ አጥፈው፣ እጥፋቱን በራሱ ላይ ገጥመው ሲደግሙት ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ ይሰጣል። እሱን ይዘው ክፍሉን እየዞሩ ከእሱ የሚበልጥና የሚያንስ ጥግ ያድኑ። የጎነ ሦስትን ሦስት ጥጎች ቀዶ ጎን ለጎን መግጠምም ለዚህ ዕድሜ ይሆናል፤ የሁሉም ሰው ጎነ ሦስት የተለያየ ሆኖ ሳለ የሁሉም ጥጎች በቀጥታ መስመር ላይ ሲያርፉ ማየት ያስገርማል።

ይዘትን በተመለከተ ሁለት ሥራ ልምረጥልዎት። የመጀመሪያው ሁለት ኤ4 ወረቀት ነው። አንዱን በረጅሙ፣ ሌላውን በአጭሩ ጠቅልለው ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ይግጠሙ። አንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ሌላው ወፍራምና አጭር ቱቦ ይሆናል። ወረቀቱ እኩል ነው፤ አሸዋ ቢሞላባቸውስ? ቀጭኑን በወፍራሙ ውስጥ አቁመው አሸዋ ይሙሉትና ቀጭኑን ወደ ላይ ይምዘዙት። አሸዋው ወፍራሙን አይሞላውም። ወፍራሙ የሚይዘው የቀጭኑን 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ቁመት ብቻ አይቶ «የረዘመው ብዙ ይይዛል» የሚለው ግምት እዚህ ይሰበራል።

ሁለተኛው ክዳን የሌለው ሣጥን ነው። ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካሬ ወረቀት አራቱን ጥጎች እኩል ካሬ ቆርጠው ጎኖቹን ወደ ላይ ያጥፉ። የሚቆረጠው 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሣጥኑ 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይይዛል። 2 ከሆነ 128፣ 3 ከሆነ 108፣ 4 ከሆነ 64፣ 5 ከሆነ 20 ብቻ። ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ መጠን ይስጡና ሣጥኖቹን ሰሌዳው ሥር ደርድረው የትኛው ብዙ እንደሚይዝ ይገምቱ። ከዚያ በአሸዋ ይሞክሩ። ለአራተኛ ክፍል ማባዛቱ ከከበደ በአሸዋው ብቻ ይተዉት፤ ቁጥሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

የክፍልዎን ብዛት አልረሳሁትም። ለ50 ልጆች የተለያየ ሥራ በየጥጉ አዘጋጅቶ ማዘዋወር ብዙ ጊዜ ይመከራል። እኔ ግን በዚህ ብዛት አልመክረውም፤ መምህሯን ወደ ትራፊክ ፖሊስነት ይለውጣታል። ሁሉም አንድ ሥራ ይሥራ፤ በጥንድ ይሁን። በአራትና በአምስት ሲሆን ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ይረብሻሉ። ከጥንዱ አንዱ ይለካ፣ ሌላዋ ትጻፍ፣ መሐል ላይ ይቀያየሩ። ዕቃው ከመታደሉ በፊት ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ግምቱም ደብተር ላይ ይስፈር። ክር ከእጁ የገባ ልጅ መመሪያ አይሰማም። ደወል ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀር ዕቃው ሁሉ ይሰብሰብ፤ የተገኘው ውጤት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ለምን እንደተለያየ ይነጋገሩ። ያ ሩብ ሰዓት ከተበላ ገመድና ሜትር የያዙበት ቀን ይደገማል። ስለዚህ ሥራውን አጭር ያድርጉት እንጂ ውይይቱን አይቁረጡት። በሳምንት አንድ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ ለመጀመሪያ ይበቃዎታል፤ ሌሎቹን ቀናት እንደለመዱት ያስተምሩ።

ስለ ባልደረቦችዎ፤ አይከራከሯቸው። ጊዜ እንዳይባክን መፍራታቸው እውነት አለው። ይልቅ የሚቀጥለውን የክፍል ፈተና ሲያዘጋጁ አንድ ቁጥር ያልተጻፈበት ጥያቄ ይጨምሩና ሌሎቹም ክፍሎች እንዲሠሩት ይጠይቋቸው። ወረቀቱ ላይ አንድ ሬክታንግል ብቻ ይሣል፤ ርዝመትም ወርድም አይጻፍበት። ከሥሩ «ይህን ሥዕል ዙሪያውን በክር ለማስጌጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ክር ያስፈልጋል? ሙሉ በሙሉ በባለ 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ወረቀቶች ለመሸፈንስ ስንት ካሬ ያስፈልጋል?» የሚል ይጻፍ። ልጁ ማስመሪያ አንስቶ፣ ከየት እንደሚጀምር አውቆ፣ የቱን ማባዛት የቱን መደመር እንዳለበት ለይቶ መመለስ አለበት። የመልስ ወረቀቶቹን ከባልደረቦችዎ ጋር አብራችሁ አርሙ፤ የተሳሳቱትንም ከየት እንደጀመሩና ምኑን እንደቆጠሩ እያያችሁ ለዩዋቸው።